ቀማሹን ያታለለው አደንጓሬ

ወሬው እንዲህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ ሲቆርጥ የኖረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ጉርሻ የበሬውን ዕድሜና ጠባይ የሚናገር ሰው፣ ሚስቱ ክረምቱን ሙሉ አደንጓሬ በበርገር አድርጋ ስታበላው ሥጋ መስሎት እጁን ሊቆረጥም ምንም አልቀረው። ቁጥብ ሰው ወሬውን እዚህ ላይ ያቆመዋል። የካፌው ጠረጴዛ ሞቅ ሲል ግን ወሬውም አብሮ ይሞቃል፤ ሰውየው አደንጓሬውን እያላመጠ «ይሄ በሬ በግራ እግሩ ያነክስ ነበር፤ ሆዱ ግን ሰፊ ነው» ብሏል ይባላል። ከካፌው ጎን ያለው ፀጉር አስተካካይማ ምላጩን የደንበኛው ጉሮሮ ላይ አቁሞ ነው የሚምለው፦ እውነቱ በወጣ ቀን ሰውየው ራሱን ስቶ በግንባሩ ተደፋ፤ ውሃ ቢያርከፈክፉበት አልነቃ አለ፤ የነቃው የተጠበሰ ጎድን አፍንጫው ሥር ሲያስጠጉለት ነው።

ለማመን ይከብዳል። የሰፈሩ ሰው ይህን ሰው «ቀማሹ» የሚለው በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ ከሆቴል የመጣ ሥጋ ቀምሶ፣ ቢላዋው ከዚያ በፊት ሽንኩርት መቁረጡን፣ ሽንኩርቱን የቆረጠው ሰው ደግሞ ሲጋራ አጫሽ መሆኑን ተናግሮ አብሳዩን ከሥራ አስባርሯል። ሬሳ ክፍል ቢያስገቡት ሟቹ የመጨረሻ ምሳውን የት እንደበላ ይደርስበታል ይላሉ የሚያውቁት። እንዲህ ያለውን ምላስ አንድ ጭብጥ አደንጓሬ ክረምቱን ሙሉ ያጃጅለዋል? ምስክሩ ደግሞ ብዙ ነው፤ በዓይናቸው ያዩ፣ ከሳቅ ብዛት ጎናቸውን የታመሙ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መያዝ ይሻላል። ሥሩ ሚስቱ ናት።

ስሟን ከክሊኒኩ ካርድ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ሥጋ ቤቱ የቀማሹ፣ በርጩማው የቀማሹ፣ ሚስትየዋም የቀማሹ። ያገባችው ነጭ ሽርጡ ላይ አንዲት የደም ጠብታ የማትታይበት፣ ቢላዋ ሲስል የመንገዱ ሴት ሁሉ ቆማ የምታየው ጎረምሳ ነበር። በተጋቡ ማግሥት ሾርባ ሠራችለት። አንድ ማንኪያ ቀመሰ፤ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተና ማዶ በረንዳ ላይ ልብስ ለምታሰጣው ጎረቤት፣ «እባክሽ፣ እናንተ ቤት የተረፈ ምግብ አለ? እዚህ አደጋ ደርሶብናል» አላት።

ጎረቤቷ ሳቀች። ሙሽራዋም አብራ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስኮቱ ችሎት ሆነ። «ይሄን ድንች ማን ገደለው? ወንጀለኛው ይፈለግ!» «ሩዙ እርስ በርሱ ተቃቅፎ እያለቀሰ ነው!» «ዛሬ ጨው በነፃ ይታደል ነበር እንዴ?» ፍርዱ ይነበባል፣ የማዶው በረንዳ ይስቃል፣ እሷ ሳህን ታነሣለች። ጎረቤቶቿ ታዲያ ዕድለኛ ናት ይሉ ነበር። አይጠጣ፣ አይማታ፣ አያመሽ። «እንዳንቺ ባል ተጫዋች ከየት ይገኛል!»

እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሌላዋ ወርቅ ትመኝ ይሆናል፣ ሌላዋ ቤት። እሷ የተመኘችው «ጎበዝ» የምትባለዋ ቃል ከዚያ አፍ ስትወጣ መስማት ነው። ቃሏ ውድ ሆና አይደለም፤ ቀማሹ ለሌላው እንደ ዘር ነበር የሚበትናት። ቢላዋ ለሚሞርደው ሰውዬ ጎበዝ። የተወረወረ አጥንት አየር ላይ ለሚቀልበው ውሻ ጎበዝ። አንድ ቀን ምሳ ላይማ አፉን እንደሞላ «ጎበዝ! ጎበዝ!» ሲል ልቧ ስንጥቅ አለ፤ ጭልፋዋን ይዛ ከኩሽና ብቅ ብትል፣ ለካ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ላለው በረኛ ኖሯል።

ልጃቸው አደገች፤ አገባችም፤ ያገባችውም ሌላ ሥጋ ቆራጭ ነው። ቀማሹ ጉልበቱ ሲደክም ሥጋ ቤቱን ለአማቹ ለቀቀ፤ መልቀቅ ከተባለ። በየጠዋቱ በርጩማውን በሩ ላይ አስቀምጦ ለሚገባው ደንበኛ ሁሉ አማቹን ያስተዋውቅ ነበር። «ጥሩ ልጅ ነው፤ ጫማ ሰፊ ቢሆን ያዋጣው ነበር። ይሄ የሚመዝንልሽ ሶል ነው፤ አትቀቅይው፣ ተጫሚው።» አማችየው ጥርሱን ነክሶ ይመዝናል። ምን ያደርጋል? የየምግብ ቤቱ አብሳዮች በሥጋ ሲጣሉ ለፍርድ የሚመጡት ወደ በርጩማው ነው። ቀማሹ ይቀምሳል፣ ይናገራል፣ ነገሩ ያልቃል።

ከዚያ የክሊኒኩ ሐኪም ተራ ሆነ። ደረቱን አዳመጠ፣ ደሙን አስመረመረና፣ «አባት፣ ደም ሥርዎ በሞራ ተለስኗል። ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ የለም። ቅቤ የለም። እንቁላል የለም። እንቢ ካሉ ደግሞ እርስዎ የሉም» አለው።

ቀማሹ ለሐኪሙም ፍርድ ነበረው፤ «እጁ ራሱ የተቀቀለ ጎመን ጎመን ይላል» አለ። ቤት ገብቶ የቀረበለትን ጎመን በመስኮት ወረወረው። ካሮቱንም አስከተለው። ድንቹም ተከትሎ ሄደ። ከመስኮቱ ሥር የሚውሉት እርግቦች ወፍረው መብረር አቃታቸው፤ እሱ ግን የሸሚዙ አንገት እየሰፋው ሄደ።

«እማዬ፣ በርገር እንሥራለት» አለች ልጅቷ አንድ ቀን።

«በምን?»

«በአደንጓሬ፣ በአትክልት። ክብ አድርገን ጠብሰን ዳቦ ውስጥ ከከተትነው ምን ያውቃል?»

«አባትሽ? አባትሽ አደንጓሬው የበቀለበትን ማሳ ባለቤት ስም ነው የሚነግርሽ።»

«ካወቀ ይወረውረዋ! እርግብ ትብላው። ሌላ ምን እናጣለን?»

የመጀመሪያው ጭቃ ሆነ። ሌላ ስም የለውም። ቀይ አደንጓሬ ቀቅለው፣ ካሮትና ቀይ ሥር ፍቀው፣ ሽንኩርት ጨምረው፣ ሁሉንም በማሽን ፈጭተው መጥበሻው ላይ ቢያሳርፉት ጥይት እንደተተኮሰበት ሰልፍ በየአቅጣጫው ተበተነ። እንቁላል ቢያያይዘው ቀላል ነበር፤ እንቁላል ግን ተከልክሏል። የሚቀጥለው ተያያዘ፤ የተያያዘው ግን ከመጥበሻው ጋር ነው፤ በቢላዋ ተፍቆ ወጣ። ከዚያ የተሠራውን ልጅቷ ቀምሳ፣ «እማዬ፣ የኩሽናው ግድግዳ የተሰነጠቀበት ቦታ አለ አይደል? በዚህ እንድፈነው» አለች።

እናትየዋን ግን ሥራው ያዛት። ዕድሜዋን ሙሉ ያበሰለችው አንድ ዓይኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ ነው። አሁን የምታበስለው ልታስደስተው ሳይሆን ልታታልለው ነው፤ ለማታለል ደግሞ ሁለቱንም ዓይኗን መጥበሻው ላይ አደረገች። ጠላቷ ውሃ መሆኑን ደረሰችበት። የተቀቀለውን አደንጓሬ አጥልላ፣ በትሪ ዘርግታ፣ ልጣጩ እስኪሰነጠቅ ምድጃ ውስጥ አደረቀችው። የተፋቀውን ካሮትና ቀይ ሥር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ ልብስ ጨመቀችው፤ እጇ እስከ ክንዷ ቀልቶ የቄራ ሠራተኛ መሰለች። እንጉዳይ አድቅቃ ከትፋ ውሃው እስኪመጥ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት አመሰችው። ማሽኑን ተወችና አደንጓሬውን በሹካ ጨፈለቀችው፤ ግማሹ ይላም፣ ግማሹ ለጥርስ ሥራ ይሁን ብላ። እንዲያያዝ የተፈጨ አጃ ነሰነሰችበት። ጠፍጥፋ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳረፈችው፤ መጥበሻው ላይ ካረፈ በኋላም ከሥሩ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ አልነካችውም።

ሲገለበጥ ጠየመ። ሲቆረጥ መሃሉ ለጋ ሥጋ መስሎ ቀላ። ልጅቷ ቀመሰችና ደግማ ቆረሰች።

«ምነው? ተናገሪ እንጂ!»

«ባሌ እንዳይሰማ እንጂ፣ እማዬ፣ ከሱ ሥጋ ይሻላል።»

ምሳ ሰዓት ላይ በክብ ዳቦ አድርጋ፣ ሰላጣና ቲማቲም ጣል አድርጋበት አቀረበችለት። «ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ይቻላል ብሏል» አለችው፤ ዓይኗን በጨው አጥባ። ቀማሹ ዳቦውን ገለጥ አድርጎ አየ። አሸተተ። ነከሰ። ዓይኑን ጨፈነ። አገጩ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሷ የምታየው መስኮቱን ነው።

«ዳቢት ነው» አለ ቀማሹ። «ወጣት በሬ። ያረፈ።»

ኩሽና ሮጣ ገብታ የእጅ ፎጣውን በጥርሷ ነከሰች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ ለራሷም አልለየላትም። ተመልሳ ብቅ ስትል ሳህኑ ባዶ ነው፤ ፍርፋሪም አልቀረ።

«እ? እንዴት ነበር?» አለችው።

«ተበላ አይደል?» አለና ጋደም አለ።

ቃሏ አልወጣችም። ክረምቱን ሙሉ ጠበቀቻት፤ አልወጣችም። እሱ ግን በላ። ዛሬ ታፋ ነው፣ ነገ ሽንጥ ነው፣ ከነገ ወዲያ የጎድን ነው እያለ ደጋግሞ በላ። ጉንጩ ሞላ። ሐኪሙ ደሙን አይቶ የራሱን ጉብዝና አደነቀ። መስኮቱም ከስንት ዘመን በኋላ ሥራ ፈታ።

ልጅቷን አላስችል አላትና ለባሏ ነገረችው። አማችየው መጀመሪያ መጋዙን አስቀመጠ፤ ቀጥሎ ራሱን አስቀመጠ፤ ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ወደ አማቱ ኩሽና በረረ።

«እማማ፣ አንድ ውለታ ይዋሉልኝ። ለሰው ሁሉ እናሳይ!»

«ምኑን ነው የምናሳየው?»

«ሥጋ ቤት ውስጥ፣ አብሳዮቹ ባሉበት፣ የእኔንና የእርስዎን አሰልፈን አባባ ይቅመሱልን።»

«ሰውየውን ልትገድለው ነው።»

«እኔን በየቀኑ ነው የሚገድሉኝ፤ ይኸው አለሁ አይደል?»

«ተው ልጄ። ያ ሰው ከምላሱ በቀር ምን አለው?»

አማችየው ብልጥ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ የሚያሸንፈውኮ የእርስዎ ነው። በሰው ፊት ያደንቁታል። የማን እጅ እንደሆነ ሲወጣ ደግሞ ያደነቁት እርስዎን ሆነ ማለት ነው። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እንዴት አድርገው ይመልሱታል?»

ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ልጣጩን ሰብስባ ጣለች፤ እጇን ታጠበች፤ አደረቀች፤ ደግማ ታጠበች።

«ስንት ልሥራ?» አለችው።

የቅምሻው ቀን ሥጋ ቤቱ መርፌ ቢወረወር ማረፊያ አልነበረውም። አብሳዮቹ ጋዋናቸውን እንደለበሱ መጡ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ አስከትሎ መጣ። ቀማሹ በእምነበረዱ ባንኮኒ ፊት በርጩማው ላይ ተሰየመ፤ ለፍርድ የተጠራ መስሎት ደረቱን ነፍቷል። እሷ ከተሰቀለው ሥጋ ጀርባ ቆማ በጎድኖቹ መሃል ታያለች።

አማችየው ምርጥ ያለውን የራሱን ሥጋ ጠብሶ አቀረበ። ቀማሹ አላመጠ።

«ይህቺ ላም ናት» አለ። «የታረደችውም ከሞተች በኋላ ነው።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አማችየውም ሳቀ፤ ለዛሬ አቅም ነበረው። ሌላውን ሳህን ገፋ አደረገለት።

ቀማሹ ነከሰ። ዓይኑን ጨፈነ። የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ይሰማል። ከጎድኖቹ ጀርባ ያለችው ሴት አገጩን በዓይኗ ትከተላለች።

«ይሄ ሥጋ ነው» አለ ዓይኑን ገልጦ። «ያኛው የሥጋ የሩቅ ዘመድ ነው። ሥጋ ማለት ይሄ ነው! ቀምሳችሁ ተማሩ።»

«እርግጠኛ ነዎት አባባ?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ሥጋ ስቀምስ አባትህ ጡጦ ይጠባ ነበር።»

አማችየው ከባንኮኒው ሥር ድስት አወጣ። «እንግዲያው ከበሬው ጋር ተዋወቁ!» ብሎ ገለበጠው። የተቀቀለ ቀይ አደንጓሬ በእምነበረዱ ላይ ተንደረደረ፤ ከባንኮኒው ወርዶ ወለሉን ሞላው። «አደንጓሬ ነው! ያበሰሉት ደግሞ እማማ ናቸው! አባባ፣ ክረምቱን ሙሉ የበሉት ይሄንን ነው!»

የዚያ ቀን ሳቅ የሥጋ ቤቱን ጣሪያ አንሥቶ መልሶ ገጠመው። አንድ ወፍራም አብሳይ ቀበቶው ተበጥሶ ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ መቆም አቅቶት የተሰቀለ ታፋ አቅፎ አለቀሰ። «ቀንዱ የታለ ታዲያ?» «ሲያርዱት ጮኸ?» «ጋሼ፣ ያነክስ የነበረው የትኛው ፍሬ ነው?» የበሬው ማነከስ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ቀማሹ ራሱን ስቶ ወደቀ የሚለው ግን ውሸት ነው። አልወደቀም። ወለሉን አየ። ሚስቱን አየ። አፉን በመሐረብ ጠረገ፤ በርጩማውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ለፍርድ የጠራው የለም። በመንገድ ሲያልፍ «በሬዎቹ ደህና አደሩ ጋሼ?» ይሉታል። አንዱ አብሳይ አንዲት ፍሬ አደንጓሬ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ «ዳቢት ናት ሽንጥ?» ብሎ ላከለት። በርጩማው ቤት ቀረ፤ እሱም ቤት ቀረ።

ለሷ ደግሞ ፀሐይ ወጣላት። ቤታቸው ሥር ያለው ካፌ ባለቤት ኩሽናውን ከፍቶ «እትዬ፣ ይግቡና እዚህ ይጥበሱ» አላት። በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ፦ «ቀማሹን ያታለለው በርገር»። ሰው ከማያውቃት ሰፈር መጣ። «ጎበዝ እትዬ!» «እጅዎ ይባረክ!» ተባለች። ግን ማንም በልቶ ብቻ አይሄድም፤ ታሪኩ ካልተነገረው አይጠግብም። ስለዚህ በየምሳው መጥበሻውን ገለል አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አገጯን ከቀኝ ወደ ግራ ታመላልሳለች፣ ድምጿን ታጎረንናለች፦ «ዳቢት ነው። ወጣት በሬ። ያረፈ።» ካፌው ይፈርሳል። መስኮቱ ከካፌው በላይ ነው፤ ክፍት ነው፤ ሳቁ ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ታውቃለች። ስለምታውቅም ድምጿን ትንሽ ከፍ ታደርጋለች።

«ተይው በቃ እማዬ፣ ያሳዝናል» አለቻት ልጇ።

«ይስማ!» አለች። «እኔ በዚያ መስኮት ስንት ዘመን ተነብቤያለሁ።»

ብቻ የመንገደኛው «ጎበዝ» ጆሮዋ ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ወደ ውስጥ የዘለቀው የዚያ ቀኑ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ «ሥጋ ማለት ይሄ ነው» ያለው። አውቆ የነፈጋትን ሳያውቅ ሰጣት። ሰውየው ክፉ ሊሆን ይችላል፤ ምላሱ ግን በሥጋ ነገር ዋሽቶ አያውቅም። ይህን ባሰበች ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል፤ በርገሩ ውስጥ አንዲት ጠብታ ቅቤ ባይኖርም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ካፌው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና «ያረፈ» ከሚለው ላይ ስትደርስ የሳቀ ሰው ጠፋ። ዓይኗን ገለጠች። ቀማሹ በነጠላ ጫማ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር እየሳበ። «ምን እንዘዝልዎ? የበሬ አለ፣ ደግሞ የበሬ አለ!»

«በርገር» አለ ቀማሹ።

ራሷ አመጣችለት፤ ከፊቱ ቆመች። ዛሬ ዓይኑን አልጨፈነም። እሷን እያየ በላ። ጨረሰ። አፉን ጠረገ።

«የመጀመሪያው ቀን» አለ፤ አልጮኸም፤ ካፌው ግን ሁሉ ይሰማል። «የአደንጓሬ ልጣጭ ጥርሴ መሃል ገብቶ ነበር። በስቴኪኒ አውጥቼ አየሁት። አንቺ ኩሽና ነበርሽ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሊስቅ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል አንተ! ቀጥሎ ደግሞ ቀይ ሥሩን በደንብ ሳትጨምቂው ቀረሽ፤ ዳቦው በሰበሰ። ዝናቡ ሲጠና የታመሰ ለውዝ ጨመርሽበት፤ ያኔ ነው መልክ የያዘው። ልጅሽ የመጣች ዕለት ወሬ ይዛሽ ነጭ ሽንኩርቱን አሳረርሽው። ሥጋ ቤት ያመጣሽው ቀን ጨው ረስተሽ፣ ከተጠበሰ በኋላ ከላይ ነሰነስሽበት። ዳር ዳሩ ላይ በዛ።»

እጇ ሽርጧን ጨበጠ። የጨውን ነገር ለልጇ እንኳን አልነገረችም ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ከመጀመሪያው ጉርሻ።»

«ታዲያ ሥጋ ነው ስትል የከረምከው? ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብህ አፍህን ዘግተህ የሄድከው? ለምን?»

ቀማሹ ተነሣ፤ የበላበትን ሳህን ወደሷ ገፋ አደረገው።

«አደንጓሬ ነው ብል ጎበዝ ልልሽ ነዋ! ሥጋ ነው ስል ጎበዙ በሬው ነው። ሰሌዳውን አውርዱት፤ እኔን ያታለለኝ የለም።»